ሚኒሶታ «ማን አጠፋ?» ብላ አትጠይቅም

«ማስረጃ ሰብስቢ! ፎቶውንም፣ መልእክቱንም፣ የሆቴሉን ደረሰኝም፣ አንዱንም እንዳትጥይ!»

ሴንት ፖል የምትኖር አንዲት እህታችን ባሏን ልትፈታ አስባ፣ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቷ በስልክ እንዲህ መከረቻት እንበል። ምክሩ ለቨርጂኒያ ልክ ነው፤ ለሚኒሶታ ግን አይሆንም። ይህን ባለማወቅ ሰው ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብና የሚያጣው እንቅልፍ ያሳዝነኛልና እስቲ ላስረዳችሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ለፍቺ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጥፋት መቁጠር ነው፤ ዝሙት፣ ጭካኔ፣ ጥሎ መሄድ። ሌላው ማንም ማንንም ሳይከስ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና የጽሑፍ ስምምነት ካለ ስድስት ወር ይበቃል። እዚያ ምርጫው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የተረጋገጠ ዝሙት የትዳር ድጎማ የማግኘት መብትን ሊያሳጣ ይችላል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በጥፋት መፋታት ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ቀርቷል።

ሚኒሶታ ይህን ያደረገችው ገና በ1974 ነው። እዚህ የሚመረጥ መንገድ የለም። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ምክንያት አንድ ነው፤ ትዳሩ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ፈርሷል። ለዚህም 180 ቀን ተለያይቶ መኖር፣ ወይም ቤቱን ያናጋ ከባድ አለመግባባት በቂ ማስረጃ ነው። ባልየው «እኔ አልፈታም፣ ትዳራችን ደህና ነው» ብሎ ቢምል ዳኛው ነገሩን ይመረምራል፤ ግን «ይቅር ብላኝ ነበር» ወይም «እሷም አጥፍታለች» የሚሉት የድሮ መከላከያዎች በሕግ ተሽረዋል። ክርክር ያለበት ፍቺ ስንል እንግዲህ ክርክሩ በልጆች፣ በቤቱና በገንዘቡ ላይ ነው።

ንብረት ሲካፈልም ሆነ ድጎማ ሲወሰን፣ ሕጉ የትዳር ጥፋት ከግምት እንዳይገባ በግልጽ ይከለክላል። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ድጎማው ለስንት ጊዜ እንደሚከፈል በዋናነት የሚታየው በትዳሩ ዕድሜ ነው፤ አምስት ዓመት ላልሞላ ትዳር በመርሕ ደረጃ ድጎማ የለም።

ታዲያ ያ የሆቴል ደረሰኝ ይጣል? አይጣል! ዳኛው ማን ከማን ጋር እንዳደረ አይጠይቅም። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀንና የብር መጠን ግን ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ወገን ፍቺው ሲታሰብ ወይም ክሱ ከተጀመረ በኋላ የጋራ ገንዘብ ካሸሸ ወይም ካባከነ፣ ፍርድ ቤት ለሌላኛው እንዲካካስ ያደርጋል፤ ማስረዳቱ «ገንዘቡ ሸሽቷል ወይም ባክኗል» የሚለው ወገን ድርሻ ነው። ድብደባና ማስፈራራት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ ሲባል ይመዘናል፤ የጥበቃ ትእዛዝም ይጠየቅበታል። እባካችሁ፣ «ጥፋት አይቆጠርም» ሲባል ሰምታችሁ ይህንን እንዳትደብቁ።

ጥፋተኛ የመፈለግ ልማዳችን ከሕግም የመጣ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺ ከባድ ምክንያቶችን ይዘረዝር ነበር፤ ዝሙት አንዱ ነው፤ ጉዳዩንም የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ምክንያት መናገርን በፈቃድ አደረገው፤ ሆኖም ለፍቺው መንስኤ የሆነው ተጋቢ ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ዳኛው ሊወስን ይችላል። ሚኒሶታ ያቺን ትንሽ በር እንኳ አልተወችም።

የተበደለ ሰው ግን «ተበድያለሁ» ብሎ የሚሰማው ይፈልጋል፤ ይህ እውነተኛ ፍላጎት ነው። እኔ እንደማምነው ቦታው የንስሐ አባት ዘንድ፣ ሽማግሌ ፊት፣ የልብ ወዳጅ ቤት ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህቺው ሚኒሶታ ከሽምግልና የማይርቅ ነገር መፍጠሯ ነው። በፈረንጆቹ 1990 ስቱ ዌብ የተባለ የሚኒያፖሊስ ጠበቃ አዲስ አሠራር ጀመረ፤ የሁለቱም ወገን ጠበቆች ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ ከጉዳዩ እንወጣለን ብለው ይፈርማሉ። ስለዚህ ሁሉም በስምምነት ለመጨረስ ይተጋል። ሚኒያፖሊስ ባለችበት በሄነፒን ካውንቲም ገና በጉዳዩ መጀመሪያ ባለሙያዎች ሁለቱንም ሰምተው «ዳኛው ይህን ሳይወስን አይቀርም» የሚሉበት አገልግሎት አለ።

ያቺ እህታችን ብትጠይቀኝ፣ ፎቶዎቹን ትታ የሦስት ዓመት የባንክ መግለጫ፣ የግብር ወረቀት፣ የቤቱን ብድርና የጡረታ ሂሳቡን በአንድ ማኅደር ታሰናዳ እላታለሁ። ደረሰኙንም እዚያው፣ ከወሩ የባንክ መግለጫ ጋር ታያይዘው።