“ዲስክህ ተንሸራቷል” ቢሉህ አልጋ አትያዝ!

አዲስ አበቤ ወገቡን ሲያመው መጀመሪያ የሚከሰው ኩላሊቱን ነው። “ኩላሊቴን!” ይልና ጎኑን ጨብጦ ወደ ክሊኒክ ይሮጣል። ኩላሊት በሽንት ምርመራ ነጻ ሲወጣ ተራው የብርድ ይሆናል፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሁሉ ይረገማል። አሁን አሁን ደግሞ ሦስተኛ ተከሳሽ መጥቷል። ዲስክ! ይሄን ቃል ሰምቶ በአንድ ቀን ሽማግሌ የሆነውን ጎረምሳ ቤቱ ይቁጠረው።

በቅርቡ ያገኘነው የ27 ዓመት ወጣት ከእነዚህ አንዱ ነው። የሸቀጥ ሱቅ አለው። 20 ሊትር ዘይት ከመሬት ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለበት፤ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በመቀመጫው አልፎ ባቱ ድረስ ወረደ። ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ፤ ባሰበት። ኤም.አር.አይ ተነሳ፤ ውጤቱ ላይ ሁለት ዲስኮች ወጣ ማለታቸው ተጽፏል። አንድ ዘመድ አነበበና “ዲስክህ ተንሸራቷል፤ ጎንበስ ካልክ ሽባ ትሆናለህ” አለው። በቃ! አራት ወር ሙሉ ጫማውን የምታስርለት እናቱ ናት። ሰርጉ ተላልፏል። ዱባይ ያለች እህቱ ለቀዶ ጥገና ብላ ከደመወዟ መቆጠብ ጀምራለች።

እጮኛው ናት ጎትታ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የወሰደችው። ልጁን አስፈቅደን እኛም አብረን ገባን። መታሸት ብቻ የጠበቀ ሰው ይገረማል፤ ነገሩ የፖሊስ ምርመራ ነው የሚመስለው! ልጁ ፎቶውን ሊዘረጋ ሲል “እሱ ይቆየን ወንድሜ፤ መጀመሪያ አንተ ንገረኝ” አለችው። የት ይጀምርሃል? እስከ የት ይወርዳል? ስትቀመጥ ነው የሚብሰው ስትሄድ? ስታስነጥስ እግርህ ድረስ ይሰማሃል?

ቀጥሎ ጥያቄው መንገድ የሳተ መሰለ። “ሽንትህ እሺ ይልሃል? ብልትህና መቀመጫህ መሀል ደንዝዞህ ያውቃል? ሌሊት ያልብሃል? ክብደት ቀንሰሃል?” ልጁ አፍሮ እጮኛውን አየ። ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበዱት እነዚህ ናቸው። አከርካሪ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው የነርቭ ጥቅል በአንድ ጊዜ ሲጨፈለቅ ኮርቻ የሚነካው የሰውነት ክፍል ይደነዝዛል፤ ሽንት ይቆማል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መግባት አለበት። ላቡና ክብደቱ ደግሞ ቲቢን ለመጠርጠር ነው። ቲቢ ሳንባ ብቻ መስሎ የሚታየን ብዙ ነን፤ አከርካሪንም ይበላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይሄን የጀርባ በሽታ በ1779 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ዛሬም “የፖት በሽታ” ይባላል። ወጌሻዎቻችንን አንንቅም፤ ነገር ግን በቲቢ የተበላ አከርካሪ ላይ በጉልበት መጫን ምን እንደሚያመጣ አስቡት!

ደግነቱ ልጁ ለሁሉም “የለም” አለ።

ከዚያ ልብሱን አውልቆ በተረከዙ ብቻ እንዲራመድ፣ ቀጥሎ በጣቶቹ ጫፍ እንዲቆም ታዘዘ። ጨዋታ አይደለም። በተረከዝ መሄድ ያቃተው ሰው ከታችኛው ወገብ በሚወጡት ነርቮች፣ በጣት ጫፍ መቆም ያቃተው ደግሞ ከእነሱ ሥር ባለው ነርቭ ይጠረጠራል። በትንሿ መዶሻ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን መታ መታ አደረገችው። በጀርባው አስተኝታ እግሩን ሳይታጠፍ ቀስ ብላ አነሳችው፤ ግማሽ መንገድ ላይ “እህ!” አለ፤ ሕመሙ እስከ ባቱ ነዘረው። ነርቩ ተቆጥቷል ማለት ነው። ጡንቻው ግን አልሰነፈም።

ቀጥሎ በሆዱ ተኝቶ በእጆቹ እየገፋ ደረቱን አሥር ጊዜ ቀና እንዲያደርግ ነገረችው። ይሄ እንቅስቃሴ ታሪክ አለው። በ1956 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት አንድ በሽተኛውን “ገብተህ በሆድህ ተኛ” ይለዋል። አልጋው ከቀደመው በሽተኛ በኋላ ራስጌው ከፍ እንዳለ ቀርቶ ነበር፤ ሰውየው እንደዚያው ወደ ኋላ ተቆልምሞ ተኛ። ማኬንዚ ከደቂቃዎች በኋላ ደንግጦ ሲገባ ሰውየው የእግሩ ሕመም ለቆታል! ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች አንድ ነገር በትኩረት ያያሉ፤ ሕመሙ ከእግር ተነስቶ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ መልካም ምልክት ነው፤ ወደ ታች ከወረደ እንቅስቃሴው ይቀየራል።

“ዶክተር፣ ወገቤ ባሰብኝ እኮ!” አለ ልጁ።

“ባትህስ?”

“ባቴ… ባቴ ቀለል ብሎኛል።”

“እሱን ነው የምፈልገው” ብላ ሳቀች። ፎቶውን ያየችው ገና ያኔ ነው።

ስለ ፎቶው እኛም የምንለው አለን። ዲስክ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር አጥብቆ የተያያዘ ትራስ ነው። ወጣ ሊል ወይም ሊቀደድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ እየከሰመ ይሄዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ፎቶ ሰብስቦ ሲያይ፣ በ20 ዓመታቸው 30 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው 84 በመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው ወጣ ያለ ነው። ሕመም የሌላቸው! ስለዚህ ፎቶው ከሰውየው ሁኔታ ጋር ካልተገናኘ ብቻውን ማስፈራሪያ ነው። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው የለም አላልንም፤ እግሩ እየሰነፈ የሚሄድ፣ ሕመሙ በሌላ መንገድ እምቢ ያለ አለ። ልጁ ግን ገና እዚያ አልደረሰም ነበር።

አልጋውስ? በ1995 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ወገባቸው ገና የታመመ የከተማዋ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፤ አንዱ ስፖርት ተሰጠው፤ አንዱ ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዕለት ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴንና ትምህርትን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶንና ወገብ መጎተቻን በዘልማድ አትስጡ ብሏል። ቀበቶ ሻጮች ይቅር ይበሉን!

ልጁ ያቺን ደረት ቀና ማድረግ በየሁለት ሰዓቱ እየሠራ፣ በየቀኑ እየተራመደ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጎንበስ ማለት ጀመረ። ፍርሃቱ ከሕመሙ የባሰ ነበር፤ ጫማውን ለማሰር መጀመሪያ ሲጎነብስ አልቦታል። ቀጥሎ ባለ 5 ሊትሩን ዘይት፣ ከዚያ 10ሩን አነሳ። 20ው ቀርቶታል። እህቱ ገንዘቡን ለሰርጉ ይሁን ብላለች።

ለመሄድ ያሰባችሁ ሰፋ ያለ ቁምጣ ያዙ። የምትወስዱት መድኃኒትና የቆየ በሽታ ካለ ንገሩ። ከመውጣታችሁ በፊት “ቤት ምን ልሥራ? ምን ሲሆን ላቁም?” ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ፣ ሳትጠየቁ ሳትነኩ ማሽን ሥር ብቻ አስተኝተው ከሸኟችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።