የቀይ አፈር አገር የግድግዳ ቀለም

ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ውስጥ ቤቱን ሊያስቀባ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ነጭን ነው። ነጭ ንጹሕ ይመስላል፤ ብርሃንም ይሰጣል። በቡና አገር ግን ነጭ ግድግዳ ፈተናው ብዙ ነው። ዝናቡ ክረምትን ሳይጠብቅ ከበልግ ጀምሮ ይጥላል፤ ቀዩ ጭቃ ከጣሪያ ጠፈጠፍ ጋር እየተረጨ የግድግዳውን ግርጌ ያቀላዋል፤ በጫማና በልጆች እጅ ሳሎን ድረስ ይገባል። ሰማዩ ሲደምን ደግሞ ነጩ ክፍል ግራጫ ይመስላል። ለዚህ አየር የሚስማማው ሞቅ ያለ ፈዛዛ ቀለም ነው፦ ክሬም፣ ቤጅ፣ ታጥቦ ከነገለባው አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚመስለው ሁሉ።

የእነዚህ ቀለሞች ሙቀት ምንጩ ብረት ነው። የጅማን አፈር የሚያቀላው ብረትና ኦክስጅን ተዋሕደው የሠሩት ማዕድን ነው፤ ሄማታይት የሚባለው ቀይ፣ ውሃ ያዘለው ጎታይት ደግሞ ቢጫ ይሰጣል። የቀለም ፋብሪካዎችም ክሬምና ቤጅ ለማውጣት በነጩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጨምሩት እነዚህኑ የብረት ኦክሳይዶች ነው። ፀሐይ ቶሎ አያነጣቸውም፤ ኖራና ሲሚንቶም አይጎዳቸውም። የሰው ልጅ ከጥንት ያውቃቸዋል፤ ድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየፈጩ ይጠቀሙበት የነበረ 40 ኪሎ ግራም ያህል ብረት አዘል ባለቀለም ድንጋይ ተገኝቷል።

የጭቃ ቤትም የራሱ እውቀት አለው። ጭድ የገባበት ጭቃ ቦክቶ ማገሩ ላይ ይመረጋል፤ ሲደርቅ የተሰነጣጠቀውን የላመ ልስን ይደፍነዋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። የዘይት ቀለም ሲቀባበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙ ይላጣል፤ ኖራ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ባለቀለም አፈር ይሻለዋል። በሲሚንቶ የተለሰነው ደግሞ 4 ሳምንት ያህል ደርቆ ነው እስቱኮና ቀለም ሊነካው የሚገባው።

ምርጫውን በናሙና ወረቀት ብቻ መጨረስ አያዋጣም። ትንሽ ቀለም ገዝቶ ግድግዳው ላይ መቀባት፣ ከዚያ ጠዋት፣ በደመና ሰዓትና ማታ በአምፖል ማየት ያስፈልጋል። ነጭ አምፖል ክሬሙን ያቀዘቅዘዋል፤ ቢጫው ያሞቀዋል። ሰፊ ግድግዳ ላይ ቀለም ከናሙናው ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ከወደዱት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መውሰድ ይበጃል።

የሲሚንቶ ልስን ያለው ቤት ከሆነ፣ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ያለውን ጠቆር ባለና በሚታጠብ ቀለም መለየት የቆየ ብልሃት ነው። እዚያ ላይ የግቢውን አፈር የሚመስል ቡናማ፣ ከበላዩ ክሬም ቢሆን፣ ክረምት የሚረጨው ጭቃ ጎልቶ አይታይም፤ ባለቤቱም በየዓመቱ ቀለም ቀቢ ከመጥራት ይድናል።