ስለ ብረት ማንሣትና ስለ ሰውነት ወጪ

የቤት ገቢና ወጪ በመዝገብ እንደሚጻፍ ሁሉ፥ ሰውነትም የራሱ ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ምግብ ነው፤ ወጪውም ሥራ፥ እስትንፋስና ሙቀት ነው። የዚህ ሒሳብ መለኪያ ካሎሪ ይባላል። አንድ ካሎሪ በምግብ ሒሳብ እንደሚነገረው፥ አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ኀይል ነው።

በአገራችን ከተሞች ወጣቶች ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፥ በዘንግ ጫፍና ጫፍ አያይዘው ሲያነሡ ማየት የተለመደ ነው። ቀኑን በወንበር ላይ የሚውል ሹምም ይህን ልማድ ቢይዝ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ብረት ካነሣ በኋላ፥ «ዛሬ ብዙ ኀይል አውጥቻለሁና እንደ ልቤ ብበላ አይጎዳኝም» ይላል። ስለዚህ ሒሳቡን መመርመር ይገባናል።

ሰው 40 ኪሎ ብረት በግማሽ ሜትር ከፍታ 60 ጊዜ ቢያነሣ፥ የማንሣቱ ሥራ ብቻ 3 ካሎሪ አይሞላም። ጡንቻ ግን ከሚፈጀው ኀይል አምስተኛውን ወይም አራተኛውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ወጪው ከ11 እስከ 14 ካሎሪ ይደርሳል። ብረቱን ማውረድና ይዞ መቆየት ደግሞ በላዩ ይጨመራል።

ሊቃውንት ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከመቍጠር ይልቅ፥ የሚሠራው ሰው የሚፈጀውን ኦክሲጅን ለክተው የሚከተለውን መጠን አውጥተዋል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ሰዓት ለያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ 1 ካሎሪ ያህል ያወጣል። ብረት በመጠኑ የሚያነሣ 3 ተኩል እጥፍ፥ በብርቱ የሚያነሣም 6 እጥፍ ያወጣል። እንግዲህ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ግማሽ ሰዓት በመጠኑ ቢያነሣ 105 ካሎሪ፥ ቢበረታም 180 ካሎሪ ያወጣል። ከዚህም ውስጥ 30ው ዐርፎ ቢቀመጥም የማይቀርለት ስለሆነ፥ የመጠነኛው ትርፍ ወጪ 75 ብቻ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ ግን ከ100 ካሎሪ በላይ አለ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ከቈላ የመጣ እንግዳ ብረት ሲያነሣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ይህ የአየሩ መሳሳት ነው እንጂ ወጪው በዚያው ልክ መብዛቱ አይደለም። ስለዚህ የልብ ምት ቈጥሮ ካሎሪ የሚነግረውን የእጅ ሰዓት ፈጽሞ ማመን አይገባም።

እንግዲህ ከዚህ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት ከዕረፍት እስከ 8 እጥፍ ያስወጣል። ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነች ሴት 20 ሊትር ውሃ አዝላ ከምንጭ ግማሽ ሰዓት ዳገት ብትወጣ፥ ወጪዋ 200 ካሎሪ ያህል ይሆናል። ይህም ብረት በመጠኑ ካነሣው የቤት ጌታ ወጪ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እርሷ ግን ወደ ማዕድ የምትቀርበው ብዙ ጊዜ ሌላው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነው። የቤት አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ ነኝ ካለ፥ አስቀድሞ ይህን ጉድለት ያስተካክል፤ እንጀራው ላይ ሽሮው፥ ባቄላውና ወተቱ ለሸክመኛዋም በጊዜው ይድረሳት።

ብረት ማንሣትን ስለ ካሎሪው ማነስ መተው አይገባም፤ ጥቅሙ ጡንቻን ማጽናት፥ አጥንትን ማበርታትና እርጅናን በብርታት መቀበል ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ምክር፥ አዋቂ ሰው ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠራ አሳስቧል። ብረቱ ለጕልበት ይነሣ፤ ማዕዱም በልክ ይሁን፤ የሚደክመውም ሰው ከማዕዱ አስቀድሞ ይታሰብ።