አጥንት ውስጥ የገባ ብረት አይዝግም?

 

ባለፈው ሰሞን እዚህ አዳሚ ቱሉ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት መጡ። የባጃጅ ሹፌር ልጃቸው በአደጋ ጭኑ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። ከታዘዘለት አንቲባዮቲክ ግማሹን ብቻ ለመግዛት ፈለጉ። «ቁስሉ ደርቋል ልጄ፤ እኔን ያሳሰበኝ ብረቱ ነው። ውስጥ ሆኖ አይዝግም ወይ?» አሉኝ። ይህ የብዙዎቻችሁም ጥያቄ ስለሆነ እንነጋገርበት።

ብረት የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለተሰበረ ጭን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጭምር ሲሠራበት የቆየው ሳይን የተባለው ዘንግ የሚሠራው ስቴንለስ ስቲል ከምንለው የማይዝግ ብረት ነው። ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያና መንጋጋ ላይ የሚተከል የጥርስ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ከቲታኒየም ወይም ከቅይጡ ይሠራሉ።

ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ቢጫር እንኳ መልሶ ይሠራል። ጨዋማው የሰውነታችን ፈሳሽ በቀላሉ የማይበላው ለዚህ ነው።

ሆኖም አለመዛጉ ብቻ አይበቃም፤ አጥንት አጥብቆ ሊይዘው ይገባል። ስለዚህ አንዳንዱ ብረት ሃይድሮክሲአፓታይት በተባለ ማዕድን ይለበጣል። ይህ ከካልሲየምና ከፎስፌት የተገነባ የአጥንታችንና የጥርሳችን ዋና ማዕድን ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚበዛው ፍሎራይድ የልጆቻችንን ጥርስ የሚያበላሸውም ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ ይህ ማዕድን በወጉ እንዳይገነባ በማድረግ ነው።

ሌላው ዘዴ ያስገርማችኋል። ታዳሺ ኮኩቦ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ቲታኒየምን ለሳሙና መሥሪያ በምናውቀው ኮስቲክ ሶዳ ነክረው፣ ከዚያም እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሙቀው ገጽታውን ለወጡት። እንዲህ የተዘጋጀ ብረት ከሰውነት ፈሳሽ ካልሲየምና ፎስፌት ስቦ አጥንት መሰል ሽፋን ያበቅላል። ዘዴው በ2007 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለሰው ሠራሽ ዳሌ ሥራ ላይ ውሏል።

ይሁን እንጂ የትኛውም ሽፋን ከጀርም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ብረት የደም ሥር የለውም። ጀርም ቀድሞ ከሰፈረበት አተላ መሰል ንጣፍ ሠርቶ ይደበቃል፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። አንዳንዴ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። እኚያን እናት ሊያሳስባቸው የሚገባው ዝገቱ ሳይሆን ያስቀሩት ግማሽ መድኃኒት ነበር።

ስለዚህ፦

• የታዘዘውን መድኃኒት፣ ቁስሉ ቢደርቅም፣ በቀኑና በመጠኑ ጨርሱ።

• ትኩሳት፣ መቅላት፣ እብጠት ወይም መግል ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

• ብረት የገባበትን አካል በወጌሻ አታሳሹ፤ ሐኪም ሳይፈቅድም አትርገጡበት።

• ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም ስለሚያዘገይ ራቁት።

• የብረቱን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ጠይቃችሁ አስቀምጡ፤ ኤምአርአይ ስትነሡም አሳዩ።

• ሐኪም ቁስሉ ውኃ እንዳይነካው ከከለከለ፣ ለውዱእ ብላችሁ ፋሻውን አትፍቱ፤ በላዩ ስለማበስ ዑለማዎቻችንን ጠይቁ።

እኚያ እናት ይህን ከሰሙ በኋላ ሙሉውን ይዘው ሄዱ። ለካስ ግማሽ የፈለጉት ገንዘብ አጥሯቸው ነበርና፣ ያው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ የተሠራ በርካሽ ተገኘላቸው። እናንተም ሲያጥራችሁ ግማሽ ገዝታችሁ ዝም አትበሉ፤ ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሩ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።