የተረፈው ኪኒን

በብዙዎቻችን ቤት፥ ከሣጥን ግርጌ ወይም ከመደርደሪያ ላይ፥ ካንድ በሽተኛ የተረፈ ጥቂት ኪኒን ተቋጥሮ ይገኛል። እናት ልጇ ባሳለ ጊዜ ከዚያው አንሥታ ትሰጠዋለች፤ አባትም የላሚቱ ጡት ባበጠ ጊዜ ሐኪም ሳይጠይቅ መድኃኒት ገዝቶ ያስወጋታል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ከርኅራኄ የተነሣ ነው፤ ዳሩ ግን ጉዳቱ የቤታቸውን አጥር ተሻግሮ የሚሄድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ በ1945 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፥ ሰው መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ ቢወስድ ተሐዋስያኑ ይለምዱታል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። ነገሩም እንዳለው ሆነ። ያልበቃ መድኃኒት ደካማዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ የቀሩትም ይራባሉ፤ ብርታታቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያካፍላሉ።

ይህም ብርታት ሰውንና እንስሳን አይለይም። በቻይና አገር ኮሊስቲን የተባለው መድኃኒት፥ እሪያዎች ቶሎ እንዲያድጉ ከመኖአቸው ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ለሰው ግን ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ሲል የሚሰጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍ፥ ካንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዘረ መል በእሪያዎች፥ በጥሬ ሥጋና በሕሙማን ላይ ተገኘ። መንግሥቱም በ2017 ዓ.ም. ከመኖ ጋር መቀላቀሉን ከለከለ፤ ከዚያም ወዲህ በእንስሳቱም በሰዎቹም ላይ ቀነሰ።

እኛ እሪያ አናረባም ብለን ግን አንዘናጋ። የላሚቱ ፍግ በጓሮ ይበተናል፤ ዝናም አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርደዋል፤ ከወንዙም ሰውና ከብት በአንድነት ይጠጣሉ። በ2019 ዓ.ም. ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ ተገምቷል።

ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በታዘዘው መጠንና ቀን እንውሰድ፤ ተራ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ መድኃኒት አያድነውም። የታከመች ላም ወተት፥ የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለልጅ አይሰጥ፤ ማፍላት ባክቴሪያውን እንጂ በወተቱ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት አያጠፋምና። ፍግ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈውም ኪኒን ወደ ወንዝ አይጣል፤ ለጎረቤትም አይሰጥ፤ የመድኃኒት ባለሙያ ይጠየቅበት።

መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ያስተምረናል። ይህን ስጦታ ዛሬ በከንቱ ብናባክነው፥ ነገ ልጃችን በታመመ ጊዜ የምንሰጠው እናጣለን። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።