የሐረር ቡና፦ ወይን ወይን የሚለው ጣዕም

ቡና መቅመስ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ጥሩ የሐረር ቡና ሲያገኙ ማስታወሻቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሰፍሩት ቃል «ወይን» ነው። ቀይ ወይን ጠጅ፣ የበሰለ እንጆሪ፣ አንዳንዴ ቸኮሌት ብለው ይጨምሩበታል። ይህ ቡና የሚበቅለው ከሐረር ጀጎል ግንብ በስተደቡብ ካለው ከሐኪም ጋራ አካባቢ ጀምሮ ወደ ምዕራብ እስከ ጨርጨር ተራሮች ባለው ወይና ደጋ ሲሆን፣ አብዛኛው አብቃይ አልኮል በእምነቱ የማይፈቀድለት ሙስሊም ገበሬ ነው። በዓለም ገበያ ስሙን ያስጠራለት ጣዕም ግን ያው የወይን ጣዕም ነው።

ምክንያቱ አደራረቁ ላይ ነው። በይርጋጨፌና በሲዳማ ብዙው እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ልጋጉ በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ሐረርጌ ውሃ እንደዚያ የሚገኝበት አገር አይደለም። ስለዚህ ፍሬው ከነቆዳው፣ ከነጣፋጭ ልጋጉ፣ በፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ድሮ መሬት ላይና በጣሪያ ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ። እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ደመና ከበዛም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት እርሾና ባክቴሪያ የልጋጉን ስኳር እየበሉ ያብላሉታል። የወይን ጭማቂን ወደ ወይን ጠጅ የሚለውጠውም ይኸው የመብላላት ሥራ ነው። ከዚያ የሚወጡት አሲዶችና ሽታ ሰጪ ውሕዶች ወደ ፍሬው ይዘልቃሉ፤ ቡናው ሲቆላና ሲፈላም ይገለጣሉ።

መብላላቱ ልክ ካላገኘ ግን ነገሩ ይበላሻል። ፍሬው ወፍራም ሆኖ ከተቆለለ፣ ካልተገላበጠ ወይም ማታ ጤዛ ከመታው ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል። ቀማሽ ይህን በአንድ ማንኪያ ይለየዋል። ለዚህ ነው የሐረር ቡና ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እጅግ የሚለያየው፤ አንዱ ልብ ያሞቃል፣ ከጎኑ ያለው ጆንያ አፈር አፈር ይላል። ለእኔ የሐረርን ቡና ትልቅ የሚያደርገው ከዘሩ ባልተናነሰ ይህን ድንበር ጠብቆ የሚያደርቀው ገበሬ ትዕግሥት ነው።

ደርቆ ያለቀው ፍሬ ጀንፈል ይባላል። ጀንፈል በእጅ ተይዞ ጆሮ ሥር ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ፍሬ ከገለባው ተላቆ ከተንኳኳ ደርሷል ማለት ነው፤ ድምፅ ከሌለው ገና እርጥበት አለው። በመሣሪያ ሲለካ የጥሬው ቡና እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። የሐረርጌ ገበሬ ጀንፈሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ አይሸጥም። በጆንያ አድርጎ ቤቱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሠርግ ሲመጣ፣ በሽታ ሲገባ፣ ወይም ዋጋ ከፍ ሲል ጥቂት ጥቂት እያለ ያወጣዋል። የወይን ጠጅ ወዳጅ በምድር ቤቱ ጠርሙስ እንደሚያስቀምጠው ሁሉ የሐረርጌ ገበሬም የራሱ ጎተራ አለው ማለት ነው።

ሁለቱ ጎተራዎች ግን ጊዜን የሚቀበሉት ለየቅል ነው። ታኒንና አሲድ በደንብ ያለው ቀይ ወይን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ተጋድሞ ዓመታት ሲያልፉበት ሻካራነቱ ይለዝባል፤ የፍራፍሬ ሽታው ወደ ቆዳ፣ ወደ ደረቅ ፍሬ፣ ወደ ትምባሆ ይለወጣል። ቡና እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ከገለባው የወጣ ጥሬ ቡና ዓመት ገደማ ሲሞላው ቅባቱ ከአየር ጋር እየተገናኘ ይበላሻል፣ አሲዱ ይሞታል፤ ሲፈላም እንጨት እንጨት፣ ጆንያ ጆንያ ይላል። ጀንፈሉ ሳይፈለፈል ከቆየ ግን ገለባው ከአየርና ከእርጥበት ስለሚከልለው ረዘም ላለ ጊዜ ይጠበቃል። ከዚያ አልፎ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብበት ወይን ወይን ማለቱ ይጠፋል። ገዢው ከቀለሙ ያውቀዋል፤ አረንጓዴና ወርቃማ የነበረው ፍሬ እየነጣና እየገረጣ ይሄዳል።

የቅምሻው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ቡናው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ የጠቆረ ቡና የመቆላቱን ጣዕም እንጂ የአገሩን ጣዕም አይናገርምና። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ተመዝኖ፣ ተፈጭቶ፣ በአምስት ስኒዎች፣ በእያንዳንዱ ይህን ያህል ይደረጋል። አምስት የሚሆኑት ከመካከላቸው አንድ የተበላሸ ፍሬ ያለበት ቢኖር እንዲታወቅ ነው። ቀማሹ መጀመሪያ ደረቁን ዱቄት ያሸታል። ከዚያ 93 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውሃ ይፈስስበታል፤ ዱቄቱ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ቅርፊት ይጋግራል። አራት ደቂቃ ሲሞላ ቀማሹ አፍንጫውን ወደ ስኒው አስጠግቶ ቅርፊቱን በማንኪያ ይሰብረዋል። ታፍኖ የቆየው ሽታ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ጥሩ ሐረር ከሆነ ክፍሉ በፍራፍሬ ሽታ ይሞላል። አረፋው ተገፎ ጥቂት ከበረደ በኋላ በማንኪያ ተቀድቶ በኃይል ይሳባል፤ ምላስንና አፍንጫን በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ነው። ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ቡና ልዩ ጣዕም ካላቸው ቡናዎች ተራ ይገባል። የሐረር ወይንነት ደግሞ ገና ትኩስ እያለ ሳይሆን ለብ ሲል ነው ጎልቶ የሚመጣው።

ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ ይህን ቡና በፍሬው መጠንና ቅርፅ ሲለዩት ኖረዋል፤ ረጅም ፍሬ፣ አጭር ፍሬ፣ እና ክብ ሆኖ በገለባው ውስጥ አንድ ብቻውን የሚገኘው ሞካ። ሞካ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የየመን ወደብ ስም ነው፤ የሐረር ቡናም ለዘመናት ከየመኑ ጋር በአንድ የንግድ መሥመር ኖሯል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐረር የገባው ለግጥም አልነበረም፤ ኤደን ውስጥ ይሠራ ለነበረ የፈረንሳውያን የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ከተደረገ ክርክር በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደርሷል። ስሙ የአገሩ መሆኑ ታወቀ። ማሳው ግን እየሳሳ ነው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፣ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል፤ ቡና ደግሞ በዓመት አንዴ ነው። ልጆቹን ማብላት ያለበት ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ቢተክል ሊወቀስ አይገባም፤ ለጥሩ አደራረቅ ተለይቶ የሚከፈል ዋጋ ቢያገኝ ግን ብዙዎቹ ማሳዎች ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሐረርና በዙሪያዋ ከቡናው ተክል የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። ገለባው ፈልቶ ወተትና ጨው እየገባበት ይጠጣል፣ ሆጃ ይባላል። የቡና ቅጠልም ደርቆ ይፈላል፣ እሱ ቁጢ ነው። ገለባው ከነልጋጉ የደረቀው የዚያው ፍሬ ሥጋ ስለሆነ ጣፋጭነቱን ይዞ ይቆያል።

እቤቱ ሊሞክር የሚፈልግ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የዘንድሮ ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ በሐረርጌ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ስለሆነ መልሱን ማመዛዘን ይቻላል። ጥሬውን አሽትቶ ደረቅ ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ ይግዛ፣ ጆንያ የሚሸት ከሆነ ይተው። ሲቆላ ዘይቱ ሳይወጣ፣ ቡናማ እንዳለ ከምጣዱ ያውርደው። አቦሉን ያለ ስኳርና ያለ ጨው ይቅዳ፣ ከስኒው ግማሹን በትኩሱ ይጠጣና የቀረውን ጥቂት ደቂቃ ያቆየው። ወይኑ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው።