ትንሿ ዘለበትና የተጻፈችው ቀን

ቀበቶ ታጥቃችሁ ታውቃላችሁ? በቅሎስ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ልጃችሁ የደብተር ቦርሳ በትከሻው ያነግታል? እንግዲያው ዘለበትን ታውቋታላችሁ ማለት ነው።

ዘለበት ትንሽ ነገር ናት። ከብረት፣ ከነሐስ ወይም ከፕላስቲክ ትሠራለች። ዋጋዋም ብዙ አይደለም። ግን እሷ ስትሰበር ቀበቶው ምን ያደርጋል? ሱሪው ይወርዳል። የበቅሎዋ ጭነት ይዞራል። የቦርሳው ማንገቻ ይለቅና ደብተሩ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ትልቁን ነገር የያዘችው ትንሿ ነበረች።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ትንሽ ነገር ነው። ሰዎች የልብስ ማሰሪያን እንዴት እንዳሻሻሉ እናያለን። አንድ ስመ ጥር ደራሲም በማሰሪያ ምክንያት ከሌላ ሰው ጋር ተወዳድሮ ነበር። በዚያ ውድድር የረዳው ምን እንደሆነ አብረን እናነባለን።

የድሮዋ ዘለበት ምን ጎደላት?

የምናውቃት የቀበቶ ዘለበት ቀለበትና ምላስ አላት። ቀበቶው ደግሞ ቀዳዳዎች አሉት። ምላሷ በአንዱ ቀዳዳ ትገባለች። በቃ፣ ታሠረ። ይህች ዘለበት ጥንታዊ ናት፤ ጠንካራም ናት። ነገር ግን ሦስት ጉድለቶች አሉባት።

አንደኛ፣ የምታጠብቀው ቀዳዳ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ቀዳዳ ሆድ ይጫናል፤ ቀጣዩ ደግሞ ይላላል። በሁለቱ መካከል ማሠር ቢፈለግ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ቆይቶም ይቀደዳል።

ሦስተኛ፣ ማሰሪያው በልብሱ ላይ የተሰፋ ከሆነ አይወጣም። ልብሱ ሲታጠብ ዘለበቷም ትታጠባለች፤ ብረት ከሆነች ትዝጋለች። ልብሱ ሲያረጅ ደህናው ማሰሪያ አብሮ ይጣላል።

እንግዲህ ጥሩ ማሰሪያ ምን ምን ያስፈልገዋል? መጥበቅና መላላት አለበት። ከልብሱ መውጣትና መግባት አለበት። ልብሱን መቅደድ የለበትም። ይህን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት ያሰበ አንድ ሰው ነበር።

ደራሲው አልጋው ላይ ያገኘው መላ

ሰውየው ሳሙኤል ክሌመንስ ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።

አባቱ በ1847 ሲሞት ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱን ትቶ በማተሚያ ቤት ሥራ መልመድ ጀመረ። ፊደል እየለቀመ ይደረድር ነበር። ትምህርት ቤት ቢቀርበትም ማንበብ ግን አልቀረበትም። ካደገ በኋላ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ሆነ። ኋላም ደራሲ ሆነ። ዓለም የሚያውቀው በብዕር ስሙ ነው። የብዕር ስሙም ማርክ ትዌይን ነው። ይህ ስም የመርከበኞች ቃል ነው። የወንዙ ውሃ 3 ሜትር ከ60 ያህል ጥልቀት አለው፣ መርከቧ በደህና ታልፋለች ማለት ነው።

በዚያን ዘመን የወንዶች ሰደርያ ከጀርባው የተሰፋ ማጥበቂያ ነበረው። ማርክ ትዌይን ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ ይፈልግ ነበር። አራት አምስት ዓመት ሙሉ ነገሩን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። መላው ግን አልመጣለትም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1871 ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1863 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ ነቅቶ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ያ ማሰሪያ እንደገና ትዝ አለው። ዛሬስ መላውን ሳላገኝ ከዚህ አልነሳም ብሎ ቆረጠ። ወዲያው ላስቲክ ታሰበው። ማሰሪያው የሚለጠጥ ቢሆን ሰውየው ሲተነፍስም ሲጎነበስም አያስጨንቀውም። ደስ ብሎት ተነሳ።

ልብሱን ሲለብስ ሌላ ነገር ታየው። ማሰሪያው የሚያጥርና የሚረዝም፣ የሚወጣና የሚገባ መሆን አለበት። ታዲያ ምን ይደረግ? በማሰሪያው ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት የቁልፍ ቀዳዳ ይበጅ። በልብሱ ላይ ደግሞ ቁልፍ ይተከል። ለማጥበቅ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ ለማላላት ወደ ውጭኛው ቀዳዳ ይቆለፋል። ልብሱ ሲታጠብ ፈትቶ ማስቀመጥ ነው። ቁጭ አለና በወረቀት ላይ ሳለው።

ሲታጠብ ደግሞ ይህ እኮ ለሱሪም ይሆናል ብሎ አሰበ። ሁለተኛ ሥዕል ሳለ።

ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል

አሁን ልብ በሉ። ማርክ ትዌይን ቁርሱን ከበላ በኋላ ወደ ወንድሙ ሄደ። ወንድሙ ኦሪዮን ክሌመንስ ይባላል፤ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ሥዕሎቹን አሳየው፤ አሠራሩን አስረዳው። ከዚያም ቀኑንና ነገሩን በማስታወሻ ደብተርህ ጻፍልኝ አለው። ወንድሙም ጻፈ።

ምን አስቸኮለው? ያን ጊዜ ሥራው ከንቱ ይመስል ይሆናል። ጥቅሙ የታወቀው ኋላ ነው።

ማርክ ትዌይን ማሰሪያውን በመንግሥት መዝገብ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይህ ምዝገባ ፓተንት ይባላል። ፓተንት ያለው ሰው የፈጠረውን ነገር ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ሠርቶ እንዳይሸጥበት መከልከል ይችላል። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአንድ ፓተንት ዕድሜ 17 ዓመት ነበር።

ግን ሌላ ሰው ብቅ አለ። የባልቲሞር ከተማ ሰው ነው፤ ስሙ ሄንሪ ሎክዉድ ይባላል። እሱም ተመሳሳይ ማሰሪያ አስቦ አመልክቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ተቸገረ። ለማን ይስጥ? የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሕግ መብቱን የሚሰጠው ነገሩን አስቀድሞ ለፈጠረ ሰው ነበር። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሆነ። ማን ቀደመ?

እኔ ቀድሜአለሁ ብሎ መማል ለሁሉም ይቻላል። ማርክ ትዌይን ግን ቀኑን፣ ሥዕሎቹንና የወንድሙን ማስታወሻ መጥቀስ ቻለ። ከአልጋው ጀምሮ እስከ ቁርሱ ያለውን ሁሉ በኦክቶበር 1871 ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ላከ። በውድድሩም አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1871 ፓተንት ተሰጠው። ቁጥሩ 121,992 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም የነገሡት በቀጣዩ በጥር ወር ነው።

ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ተለውጧል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ መብቱ የሚሰጠው አስቀድሞ ላመለከተው ፈጣሪ ነው። የዘገየ ይቀደማል።

ታዲያ ምን አተረፈ?

እውነቱን እንናገር። ማሰሪያው ደራሲውን ባለጸጋ አላደረገውም። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ የሴቶችን የጡት መያዣ ጀርባ ብታዩ የሚለጠጥ ማሰሪያ ታያላችሁ። በጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ረድፍ ማያያዣ አለ። በመጀመሪያው ረድፍ ሲያያዝ ይሰፋል፤ በመጨረሻው ሲያያዝ ይጠባል። ሐሳቡ ያው ነው።

ማርክ ትዌይን በ1873 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር አስመዘገበ። ገጹ ላይ ሙጫ የተቀባ ደብተር ነው። ገጹን አርሶ የጋዜጣ ቁራጭ መለጠፍ ነው። ይህኛው ተሸጦለታል።

ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ ነገር አማረው። አንድ ሌላ ሰው የሚሠራው የፊደል መልቀሚያ መኪና ነበር። መኪናው 18,000 ያህል ክፍሎች ነበሩት። ሲሠራ ያስገርማል፤ ግን ደግሞ ይበላሻል። ማርክ ትዌይን ብዙ ገንዘብ አፈሰሰበት፤ ገንዘቡም ጠፋ። በ1894 እ.ኤ.አ. ከሠረ። ከዚያም በዓለም ዙሪያ እየተዘዋወረ ንግግር በማድረግ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። ባለ ሦስት ቀዳዳው ማሰሪያ ባያበለጽገውም አላደኸየውም። ባለ 18,000 ክፍሉ መኪና ግን ቤቱን አናጋው።

ቀዳዳ የማትፈልግ ዘለበት

የማርክ ትዌይን ማሰሪያ አንድ ጉድለት ቀርቶበታል። ምን ይመስላችኋል? አሁንም የሚሠራው ቀዳዳ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ያስወገደችው ተንሸራታቿ ዘለበት ናት። በደብተር ቦርሳ ማንገቻ ላይ ታገኟታላችሁ።

መልኳ እንደ መስኮት ነው። አራት ማዕዘን ናት። በመሐሏ አንድ ዘንግ ተጋድሟል። ስለዚህ ሁለት መግቢያ አላት። ጥብጣቡ በአንዱ መግቢያ ይወጣል፣ በመሐል ዘንጉ ላይ ያልፋል፣ በሌላው ይወርዳል። ምላስ የለም፤ ቀዳዳም የለም። ታዲያ ምን ይይዘዋል?

ወይፈን የገራ ሰው መልሱን ያውቃል። ገመዱን በእጅ ብቻ ቢይዙት ወይፈኑ ይጎትታል። ሁለት ሦስት ጊዜ በግንድ ላይ ቢጠመጥሙት ግን አንድ ሰው ይይዘዋል። ገመዱ ግንዱን ይፋተጋል። ፍትጊያው ጉልበቱን ይበላዋል። ወይፈኑ በጎተተ ቁጥር ገመዱ ግንዱን ይበልጥ ያንቃል። ተንሸራታቿም ዘለበት እንዲሁ ናት። ጭነቱ ጥብጣቡን በጎተተው ቁጥር ጥብጣቡ በዘንጉ ላይ ይጠብቃል። ጭነቱን አንስቶ ዘለበቷን ዘንበል ሲያደርጓት ትላላለች። በፈለጉት ቦታ ትቆማለች።

እንሞክራት

ልጅ ያድጋል፤ ልብስ አያድግም። የልጁ ልብስ ማንገቻ የሚረዝም ከሆነ ግን ልብሱ ሳይጣል ይቆያል። ስለዚህ ይህችን ዘለበት በቤት መሥራት ይጠቅማል። ጠንከር ያለ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ጥብጣብ፣ መርፌና ክር ያስፈልጋል።

1. ሽቦውን ከመሐል ዘንጉ ጀምራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ዘርጉ። ርዝመቱ ከጥብጣቡ ስፋት ትንሽ ይብለጥ።

2. ከቀኝ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች እጠፉት። የዘንጉን ግራ ጫፍ ሲያገኝ ወደ ታች ቀጥሉ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ አጥፋችሁ ከዘንጉ ቀኝ ጫፍ ጋር አገናኙት።

3. ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ጎንና ጎን ባለው ሽቦ ላይ ጠምዝዟቸው። ሹል ጫፍ ልብስ ይቀዳል፤ ሰውም ይወጋል። በድንጋይ ሞርዱት።

4. የጥብጣቡን አንድ ጫፍ በመሐል ዘንጉ ላይ አጥፋችሁ ስፉት። ሌላውን ጫፍ በልብሱ ላይ በተሰፋ ቀለበት አሳልፉትና ወደ ዘለበቷ መልሱት። በአንዱ መግቢያ አውጥታችሁ፣ በዘንጉ ላይ አሳልፋችሁ፣ በሌላው አውርዱት። ከዚያ ይህንኑ ጫፍ በልብሱ ሌላ በኩል ስፉት።

አሁን ፈትኗት። ማንገቻውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከታች 5 ኪሎ እህል አንጠልጥሉበት። ዘለበቷ ያለችበትን ቦታ በጥብጣቡ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። በማግሥቱ እዩት። ምልክቱ ከቦታው ከራቀ ዘለበቷ ተንሸራታለች። ጥብጣቡ በጣም ለስላሳ ወይም ስስ ይሆናል። በመሐል ዘንጉ ላይ ሻካራ ክር ጠምጥሙና እንደገና ሞክሩ። ጥብጣቡን አርሳችሁም ፈትኑ። ዝናብ አለና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህችን የሽቦ ዘለበት ለሕፃን ማዘያ አታድርጓት። ብትለቅ ጉዳቱ የከፋ ነው።

ስትሞክሩ ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ። ምን ሠራችሁ? ምን ተበላሸ? ምን ለወጣችሁ? ቀኑን አትርሱ። አይቶ የሚመሰክር ሰው ይፈርምበት።

በአገራችንም ፈጣሪን የሚጠብቅ ሕግ በ1987 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ይባላል። ይህ አዋጅ ትልቁን ፈጠራ ብቻ አላሰበም፤ አነስተኛ ፈጠራ ለሚባለውም ቦታ ሰጥቷል። ለአነስተኛ ፈጠራ የ5 ዓመት ጥበቃ ደነገገ። ሥራው በአገር ውስጥ ጥቅም ላይ ከዋለ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ እንደሚችልም ደነገገ። ቀደም ሲል ያልነበረ የዘለበት ማሻሻያ የሚመደበው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ብልሃት ያለው ሰው በየቀበሌው አለ። አንጥረኛው አለ፤ ልብስ ሰፊው አለ፤ የበቅሎ ዕቃ የሚሠራው አለ። ብዙዎቹ ያሻሻሉት ነገር ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ቀርቷል። አልተጻፈማ! እናንተ ግን አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

እንወያይ

1. የምላስ ዘለበት ሦስት ጉድለቶች ምን ምን ናቸው?

2. ማርክ ትዌይን ወንድሙን ምን ጻፍልኝ አለው? ባይጽፍለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

3. ተንሸራታቿ ዘለበት ያለ ቀዳዳ የምትይዘው እንዴት ነው?

4. በሰፈራችሁ አንድን ዕቃ ያሻሻለ ሰው ታውቃላችሁ? ምን እንደሠራና መቼ እንደሠራው ጠይቁትና በደብተራችሁ ጻፉ።